ሪቨርብ ደካማ ቅንብርን አያድንም፦ ፖስት-ፐንክንና ህልማዊ ሲንት-ፖፕን ስለማዋሃድ ለተሰጠው ምክር ምላሽ

ሰሞኑን ሙዚቃ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ሲቀባበሉት የሰነበቱት አንድ ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያ አልበሙን ፖስት-ፐንክንና (ከፐንክ ሮክ በኋላ የመጣውን፣ ቤዝ ጊታር የሚጎላበትን ስልት) ህልማዊውን ሲንት-ፖፕ (በሲንተሳይዘር የሚሠራውን ፖፕ) አዋህዶ መሥራት ለሚፈልግ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ የተጻፈ ምክር ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሁለቱ ስልቶች ተቃራኒ ስለሆኑ የሚያስታርቃቸው ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም በሁሉም ትራክ ላይ የሚጨመር ረጅም ሪቨርብ (ድምፅ በሰፊ ክፍል ውስጥ እንደተሰማ ጅራት እንዲያወጣ የሚያደርግ ኢፌክት) ነው። ድራም ማሽኑ ሰው እንዲመስል እያንዳንዱ ምት በዘፈቀደ ይዛነፍ። ቤዝ ጊታሩ በሲንተሳይዘር ቤዝ ይደረብ። በሶፍትዌር ፋንታ እውነተኛ አናሎግ መሣሪያ ይገዛ። ድምፃዊው ከሁሉ ፊት ይቁም። አልበሙ በመጨረሻ የተቻለውን ያህል ጮሆ ማስተር ይደረግ (ከመታተሙ በፊት የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ይሠራለት)።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ለጀማሪ ማሰቡም ያስመሰግነዋል። ምክሩን እንደወረደ የሚከተል ሰው የሚያገኘው ግን አንዱ ድምፅ ሌላውን የሚውጥበት፣ ቤዙ የሚመጣና የሚጠፋ፣ ህልም ሳይሆን ጭጋግ የሚመስል አልበም ነው። ስለዚህ በየነጥቡ እንመልሳለን።

«ሁለቱ ስልቶች ተቃራኒ ናቸው»

ከዚህ መጀመር ያስፈልጋል፤ የቀረው ስህተት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነውና። ጸሐፊው ፖስት-ፐንክን ለጊታርና ለቁጣ፣ ሲንት-ፖፕን ለማሽንና ለልስላሴ ይሰጡና ሁለቱን ማገናኘት የቅርብ ጊዜ ሙከራ ነው ይሉናል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የማንቸስተሩ ፋክተሪ ሬከርድስ የጆይ ዲቪዥንን የመጀመሪያ አልበም «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን አሳተመ። በዚያው ዓመት፣ ያው አሳታሚ፣ የኦርኬስትራል ማኑቨርስ ኢን ዘ ዳርክን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ «ኤሌክትሪሲቲ»ንም አወጣ። የመጀመሪያው በጊታርና በቤዝ የቆመ፣ ሁለተኛው በሲንተሳይዘር የቆመ ነው። ኢያን ከርቲስ በ1980 ካረፈ በኋላ የቀሩት የጆይ ዲቪዥን አባላት ኒው ኦርደርን መሠረቱ፤ በ1983 «ብሉ መንዴይ»ን ሲያወጡ ምቱን የያዘው ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ ድራም ማሽን ነበር፤ ከላዩ ግን የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር እንደ ድሮው ይዘምራል። የስኮትላንዶቹ ኮክቶ ትዊንስ ደግሞ በ1982 የመጀመሪያ አልበማቸውን «ጋርላንድስ»ን ያወጡት ያለ ድራመር፣ በድራም ማሽንና በኢፌክት በተሞላ ጊታርና ቤዝ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በፖስት-ፐንክ ቤዙ ከታች ሥር ኖታ መምታቱን ትቶ ዜማ ወደ መሸከም ወጣ። ጊታሩ ሙሉ ኮርድ መምታቱን ትቶ በቀጭን ሐረግ ወደ ጎን ቆመ። መሃሉ ባዶ ቀረ። ህልማዊው ፓድ፣ ማለትም ረጅም ተይዞ የሚቆየው ለስላሳ የሲንተሳይዘር ድምፅ፣ የገባው ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አስታራቂ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት የቦታ ድልድል ነው። የትኛው መሣሪያ በየትኛው የድምፅ ከፍታ ላይ ይቀመጣል፣ መቼ ይጫወታል፣ መቼ ዝም ይላል የሚለው በቅንብር ጊዜ ካልተወሰነ በሚክሲንግ (ትራኮቹን በማቀላቀል) ጊዜ የሚስተካከል ነገር የለም።

«ድራም ማሽን ነፍስ የለውም፤ በዘፈቀደ አዛንፉት»

ጸሐፊው እያንዳንዱን ምት እስከ 15 ሚሊሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ በዘፈቀደ ማንቀሳቀስን ይመክራሉ። ጥሩ ድራመር ሲያዘገይም ሆነ ሲቀድም በሥርዓት ነው፤ ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ) የሚያዘገይ ከሆነ በመላው ዘፈን ውስጥ በተመሳሳይ መጠን ያዘገየዋል። የዘፈቀደ መዛነፍ ይህን ሥርዓት አያመጣም፤ ያለውንም ያፈርሳል። በደቂቃ 150 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 100 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሃይ-ሃቱ (ጥንዱ ትንሽ ሲምባል) 15 ሚሊሰከንድ ቢዘገይና አብሮት የሚመታው ቤዝ 10 ቢቀድም በመካከላቸው 25 ሚሊሰከንድ ይፈጠራል። በዚህ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ሹል ድምፆች እንደ አንድ ምት መሰማታቸው ያከትማል፤ ጆሮ የሚሰማው መንሸራተት ነው። የዚህ ሙዚቃ ጉልበት ደግሞ ያለው ቤዙና ሃይ-ሃቱ እኩል በመውደቃቸው ላይ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ኪኩንና (ትልቁን ከበሮ) ሃይ-ሃቱን ከመስመራቸው አያንቀሳቅሱ። ስኔሩን በሙሉ፣ በአንድ መጠን፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊሰከንድ ያዘግዩ። ሕይወቱን ከሰዓት ሳይሆን ከጥንካሬ ያምጡ፦ በሚዲ (የዲጂታል ሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ) የጥንካሬ መለኪያ ሃይ-ሃቱን 100፣ 55፣ 80፣ 55 እያሉ ይደጋግሙት። በ1980 የወጣው ሮላንድ ቲአር-808 ለእያንዳንዱ ምት የተለየ ጥንካሬ የመስጠት ችሎታ አልነበረውም፤ የነበረው በአንድ እርምጃ ላይ የወደቁትን ድምፆች ሁሉ አብሮ የሚያጎላ አክሰንት ነው። በዚያ መሣሪያ የተሠሩ ምቶች የሚወዛወዙት ከዚያ ነው። አክሰንቱን ኪክ በሌለበት እርምጃ ላይ አንድ ጊዜ ያኑሩትና ልዩነቱን ያዳምጡ።

ክራሽ ሲምባል ደግሞ አያብዙ። በዚያው ዓመት የወጣው ሊን ኤልኤም-1 ክራሽም ራይድም አልነበረውም፤ የሂዩማን ሊግ የ1981 አልበም «ዴር» በእሱ ተሠርቶ ማንም ሲምባል ጎደለ አላለም። ከ5 ኪሎሄርዝ በላይ ያለው ቦታ ለፓዱና ለድምፃዊው እስትንፋስ ነጻ ሆኖ ይቀራል። የክፍል ሽግግር ሲያስፈልግ በቶም ወይም ኪኩን ለአንድ ባር በማጥፋት ይሻገሩ።

«ቤዝ ጊታሩን በሲንት ቤዝ ደርቡት»

ከምክሮቹ ሁሉ ብዙ አልበም የሚያበላሸው ይህኛው ነው። ሁለቱ ቤዞች አንድ ዓይነት ኖታ በአንድ ከፍታ ላይ ይጫወቱ፣ ያኔ ድምፁ ይወፍራል ነው የተባለው። ሴንት የኖታ ከፍታ መለኪያ ነው፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ቤዝ ጊታሩ ከሲንተሳይዘሩ በ5 ሴንት ብቻ ቢለይ፣ ይህም ክሩን ትንሽ ጠንከር አድርጎ በመጫን የሚመጣ ልዩነት ነው፣ በ82.4 ሄርዝ በሚገኘው ኢ ኖታ ላይ የሁለቱ ልዩነት ሩብ ሄርዝ ገደማ ይሆናል። ኖታው ሲያዝ በየ4 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ሁለቱ ይደማመራሉ፣ አንድ ጊዜ ይጠፋፋሉ። በአጫጭር ስምንተኛ ኖታዎች ላይ ደግሞ የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ ኖታ ሲጀምር የሁለቱ ሞገድ የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚገናኝ አንዱ ኖታ ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ሰው ይህን ሲሰማ ችግሩ የኮምፕሬሰር (ጮክና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሣሪያ) ይመስለውና ኮምፕሬሰር ይጨምራል። ኮምፕሬሰር የጠፋውን ድምፅ አይመልስም።

መፍትሔው መለያየት ነው። በኢ ማይነር አራት ባር እንውሰድ፤ ሥር ኖታዎቹ ኢ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ ይሁኑ። ቤዝ ጊታሩ ሁሉንም በጂ ክር ላይ ይጫወት፦ ኢ በ9ኛው ፍሬት፣ ሲ በ5ኛው፣ ጂ በ12ኛው፣ ዲ በ7ኛው። ኖታዎቹ በሙሉ ከ131 እስከ 196 ሄርዝ ይወድቃሉ። ሲንት ቤዙ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ (በአንድ ኦክታቭ ሄርዙ በግማሽ ይቀንሳል) ወርዶ ከ41 እስከ 73 ሄርዝ ባለው ውስጥ፣ በትራያንግል ሞገድ፣ በሞኖ (በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ሆኖ)፣ ረዘም ያሉ ኖታዎችን ይያዝ። ከቤዝ ጊታሩ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ይቁረጡ። አሁን አይነካኩም፤ 5 ሴንት ቢለያዩም ማንም አያውቅም።

ቤዝ ጊታሩ በፒክ (በመምቻ) ይመታ፣ ወደ ብሪጁ (ወደ ክሮቹ ታችኛ ማሰሪያ) ቀረብ ተብሎ። ከ1 እስከ 2.5 ኪሎሄርዝ የሚሰማው የፒኩ ጠቅታ ነው ቤዙን በትንሽ ስፒከር ላይ እንዲታወቅ የሚያደርገው። የዚህ ስልት መለያ የሆነው ኮረስም ይገባል፤ በሙሉው ድምፅ ላይ ከተደረገ ግን የታችኛውን ክፍል ያወዛውዘዋል፤ ምክንያቱም ኮረስ ማለት በጥቂቱ የዘገየና ከፍታው የሚንቀሳቀስ ቅጂ ስለሆነ ከዋናው ጋር እየተጠፋፋ ይመላለሳል። ትራኩን በሁለት ይቅዱት። አንደኛውን ከ200 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ቆርጠው ያለ ምንም ኢፌክት መሃል ላይ ያኑሩት። ከሁለተኛው ከ200 በታች ያለውን ቆርጠው ኮረሱን እዚያ ላይ ብቻ ያድርጉ። ሁለቱም ፊልተሮች በኦክታቭ 24 ዴሲቤል የሚወርዱ ይሁኑ፤ ካልተመሳሰሉ በ200 አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከላይ ባለው ምሳሌ አራቱም ሥር ኖታዎች ከ200 በታች ስለሆኑ መሠረታቸው ደርቆ ይቆማል፤ የሚዋኘው ከመሠረቱ በላይ ያለው ድርብርብ ድምፃቸው ብቻ ነው።

«ህልሙ ያለው ሪቨርብ ውስጥ ነው»

የለም። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነውና።

ጸሐፊው በሁሉም ትራክ ላይ 4 ሰከንድ የሚቆይ ሪቨርብ ያዛሉ። በደቂቃ 150 ምት አንድ ባር 1.6 ሰከንድ ነው። 4 ሰከንድ የሚዘልቅ ጅራት ሁለት ባር ተኩል ይሸፍናል። ኮርዱ በየባሩ የሚለወጥ ከሆነ በማንኛውም ቅጽበት የሦስት ኮርድ ኖታዎች አብረው ይጮኻሉ ማለት ነው። ስኔሩ ላይ ሲሆን ደግሞ አንዱ ምት ሳይሞት አምስት ሌሎች ይመጡበታል፤ የማይቋረጥ ሹክሹክታ ይሆናል። ህልማዊነቱ የጠፋው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ርቀት የሚሰማው ቅርብ የሆነ ነገር አብሮ ሲኖር ብቻ ነው። ሁሉም ከራቀ የሚርቅ የለም።

የህልሙ ምንጭ የኮርዱ አደራደር ነው። ወደዚያው አራት ባር እንመለስ። ቤዙ ኢ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ እያለ ሲዘዋወር ፓዱ አራት ኮርድ አይጫወት። ሁለት ኖታ ብቻ ይያዝ፦ ቢ በ494 ሄርዝ እና ኤፍ ሻርፕ በ740 ሄርዝ። አራቱንም ባር ሳይንቀሳቀስ ይያዛቸው። በኢ ላይ ኤፍ ሻርፕ ዘጠነኛ ይሆናል። በሲ ላይ ከፍ ያለ አራተኛ ሆኖ ትንሽ ይኮሰኩሳል፤ ከአራቱ ባር ጆሮን የሚይዘው ይህኛው ነው። በጂ ላይ ሜጀር ሰባተኛ፣ በዲ ላይ ሦስተኛ ይሆናል፤ ቢ ደግሞ እዚያ ስድስተኛ ነው። ያልተንቀሳቀሰው ፓድ በየባሩ አዲስ ቀለም የሚያገኘው ከሥሩ ቤዙ ስለሚንቀሳቀስ ነው። የፖስት-ፐንክ ቤዝና የሲንት-ፖፕ ፓድ የሚዋሃዱት በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ሌላውን ትርጉም ይሰጠዋል። ጥንቃቄ የሚሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሲው ባር ድምፃዊው ጂ ኖታ ላይ ረጅም ጊዜ ከቆመ ከኤፍ ሻርፑ ጋር ይፋጫል፤ አልፎት ይሂድ እንጂ አይረፍበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ፓዱ ኖታ ስለማይቀይር አሁን 4 ሰከንድ ሪቨርብ ቢደረግበት ምንም የሚደራረብ ነገር የለም። ያው ኢፌክት በተሻለ ቅንብር ላይ ችግር መሆኑ ይቀራል።

ቀሪውን እንዲህ ይደልድሉ። ሁለት ሪቨርብ በቂ ነው፣ ሁለቱም በሴንድ (ትራኮቹ በጋራ በሚልኩበት መስመር) እንጂ በየትራኩ አይሁኑ። አጭሩ ከ0.8 እስከ 1.2 ሰከንድ፤ ለስኔሩና ለድምፃዊው። ረጅሙ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ፤ ለፓዱና ለስንኙ የመጨረሻ ቃል ብቻ። ለድምፃዊው ፕሪ-ዲሌዩን (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) 50 ሚሊሰከንድ ያድርጉት፤ ቃሉ መጀመሪያ ይደርሳል፣ ክፍሉ ቀጥሎ ይከፈታል። ከሪቨርቡ መመለሻ ላይ ከ300 ሄርዝ በታችና ከ6 ኪሎሄርዝ በላይ ያለውን ይቁረጡ፤ የመጀመሪያው ከቤዙ ጋር እንዳይጋጭ፣ ሁለተኛው የ«ሰ»ና የ«ሸ» ፉጨት እንዳይጎተት። በመጨረሻም በረጅሙ ሪቨርብ ላይ ኮምፕሬሰር አድርገው ደረቁ ድምፃዊ እንዲያዘው ያድርጉ (ይህ ሳይድቼይን ይባላል)፦ ሲዘፈን 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንስ፣ ሲቆም በ250 ሚሊሰከንድ ይመለስ። ቤዙና ኪኩ ሪቨርብ አይደረግባቸው፤ ቅርቡን ነገር የሚሰጡን እነሱ ናቸውና።

ለዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ ለሚደግመው ኢፌክት) ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 60000ን በምቱ ፍጥነት ማካፈል። በ150 ምት ሩብ ኖታ 400፣ ስምንተኛ 200፣ ነጥብ ያለው ስምንተኛ 300 ሚሊሰከንድ ነው። ጊታሩ ላይ 300፣ ድግግሞሹ 3 ጊዜ ያህል ተሰምቶ የሚጠፋ። «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን በስቶክፖርት ስትሮቤሪ ስቱዲዮ ያዘጋጀው ማርቲን ሃኔት ያንን ሰፊና ቀዝቃዛ ስሜት ሲፈጥር የኤኤምኤስ ዲጂታል ዲሌይ ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። አልበሙን ዛሬ ሲያዳምጡት በምቶቹ መካከል ዝምታ አለ፤ ያ ዝምታ በ4 ሰከንድ ሪቨርብ ቢሞላ ኖሮ ስፋቱ አብሮ ይጠፋ ነበር።

«እውነተኛ አናሎግ ከሌለ አይሆንም»

ይህኛውን በአጭሩ። ጸሐፊው የሚያደንቁት የ1982ቱ ሮላንድ ጁኖ-60 ስድስት ድምፅ አለው (ስድስት ኖታ አብሮ ያሰማል)፤ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ያለው ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ ክፍል) ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ውፍረቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ካለው ኮረስ ነው። ማንኛውም የሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ይህን ያደርጋል፦ አንድ ሶው ሞገድ፣ 24 ዴሲቤል ሎው-ፓስ ፊልተር በ1 ኪሎሄርዝ አካባቢ፣ አታክ (ድምፁ እስኪሞላ) 400 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊስ (ቁልፉ ሲለቀቅ እስኪጠፋ) 1.5 ሰከንድ፣ ከዚያ በግማሽ ሄርዝ የሚወዛወዝ ስቴሪዮ ኮረስ። ብዙዎች የሚስቱት የቁልፍ ጥንካሬን ነው። የጁኖ-60 ኪቦርድ አመታትን አይለይም፤ ለስላሳም ጠንካራም ቢነካ ድምፁ አንድ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ይህን ካላጠፉት ፓዱ ያላሰቡትን ኖታ እያጎላ ፒያኖ ፒያኖ ይላል።

በዚህ ክፍል ከጸሐፊው ጋር የምንስማማበት አለ። ለሙሉ አልበም ከሁለት ሲንተሳይዘር በላይ አትጠቀሙ ያሉት ትክክል ነው፤ ዘፈኖቹ የአንድ አልበም ልጆች መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው።

«ድምፃዊው ከሁሉ ፊት ይቁም»

ለተለመደው ፖፕ እውነት ነው። እዚህ ግን ቤዙ ዜማ ስለሚይዝ ድምፃዊው ሁለተኛ ዜማ ነው። ድምፁ ወፍራም ለሆነ ወንድ ዘፋኝ ችግሩ ከፍታ ነው፤ ወደ ላይ የወጣው ቤዝ ከእሱ ጋር በተመሳሳይ ቦታ፣ ከ130 እስከ 200 ሄርዝ ባለው ውስጥ ይገናኛል። ድምፃዊውን ማስጮህ ፍጥጫውን ያባብሰዋል። ስንኙ ሲዘፈን ቤዙ አራት ኖታ ብቻ ይምታ፣ ስንኙ ሲያርፍ ሐረጉን ይጨርስ። አዝማቹ ላይ ድምፃዊው አንድ ኦክታቭ ወጥቶ በጸጥታ ይደረብ፤ ድርቡ ከዋናው 8 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። የየስንኙ የመጀመሪያ መስመር ጥርት ብሎ ከተሰማ የቀረው በከፊል ቢሸፈን አድማጭ አይጠፋበትም።

«አልበሙ ይጩህ»

ጸሐፊው ማስተሩ ከዜሮ በታች 7 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይጮኻል) ይድረስ ይላሉ። ስፖቲፋይ ሙዚቃን በመደበኛ ቅንብሩ ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ ላይ ያስተካክላል፤ በ7 የገባ አልበም 7 ዴሲቤል ተቀንሶ ይሰማል። ያ ሁሉ ጩኸት ይወሰድና ጉዳቱ ብቻ ይቀራል። ጉዳቱ በዚህ ሙዚቃ ላይ ከሌላው ይከፋል፦ ሊሚተሩ (ድምፅ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚገታው መሣሪያ) ኪኩ በመታ ቁጥር ያንን የማይንቀሳቀስ ፓድ ወደ ታች ይገፋዋል፣ ፓዱም በየምቱ ያቃስታል። በ11 ወይም በ12 ያቁሙት፣ የጫፉ ጣሪያ ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል ይሁን። አልበሙ በአልበምነቱ ሲደመጥ ስፖቲፋይ ልዩነቱን ለሁሉም ዘፈን በእኩል ስለሚያደርገው ጸጥ ያለው መሸጋገሪያ ዘፈን ጸጥ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻ እኩል ለማስጮህ አይታገሉ።

አልበሙ በሸክላም የሚታተም ከሆነ ድልድሉ በቅድሚያ ይሠራ። በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር በሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላ አንዱ ገጽ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ በጥሩ ጥራት ይይዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ መቀረጽ አለበት። ጸሐፊው አልበሙ እንዲይዝ የጠየቁት 14 ዘፈን እዚህ ላይ በቀላሉ አይገባም። ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር መርፌው በአንድ ዙር የሚያልፈው መንገድ ስለሚያጥር ከፍተኛው ድምፅ ይደበዝዛል፣ «ሰ»ዎቹም ይቆራረጣሉ። ሃይ-ሃት የበዛበትን ፈጣን ዘፈን በገጹ መጀመሪያ፣ ፓድ የበዛበትን ዝግተኛ ዘፈን በመጨረሻ ያድርጉ። ከ150 ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ ሞኖ ይሁን፤ በግራና በቀኝ የተለያየ ቤዝ መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያዘልለው ሸክላውን የሚቀርጸው ባለሙያ መልሶ ይልከዋል።

ከመላክዎ በፊት ሙሉውን አልበም በሞኖ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ያዳምጡት። ፓዱ በሞኖ ከጠፋ ጥፋቱ የኮረሱ ነው፤ የስቴሪዮ ስፋቱን በግማሽ ይቀንሱ። የቤዙ ዜማ ካልተሰማ ደግሞ ድምፁን አይጨምሩለት፤ በዚያ ሰዓት በተመሳሳይ ከፍታ ላይ የሚጫወተው ሌላ መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ፈልገው ያንን ትራክ ለአራት ባር ያጥፉት።